ኮርቻዬ ባዶውን የሄደ ዕለት

ቅናት በሽታ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ከጎረምሳነቴ ጀምሬ ስቀና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይኸው ሰባን አልፌ እንኳ ከሁለት በቀር ጥርሴ ሙሉ ነው። እነዚያንም ሁለቱን ያወለቃቸው ቅናት ሳይሆን በቅሎ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ቅናት እንዲያውም ሰውን በማለዳ ከመኝታው ያስነሳል። እኔን ግን አንድ ቀን አስነስቶ፣ አስጊጦ፣ እየገፋ ወስዶ የራሴ ለቅሶ ላይ አቆመኝ። የማወጋችሁ ያንን ቀን ነው።

ስሜ ደምሴ ነው። መካነ ሰላም መጥታችሁ "ባለ ዳማው ደምሴ" ብትሉ ዳማ ፈረሴን ሁሉም ያሳያችኋል። እኔን ለይቶ የሚያሳያችሁ ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ሳይጀምር፣ ረጅም የድንጋይ ቤት አለ። አገሬው "ጋጣው" ይለዋል። በጃንሆይ ጊዜ የጦሩ ፈረሶች ማደሪያ ነበር። ያኔ መኪና የማይረግጠው አገር ይበዛ ስለነበር ፈረሱ ለግልቢያና ለሰልፍ፣ በቅሎው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርደው ስንቅ ነበር። ደርግ ሲመጣ የሰልፉ ነገር ቀረና በቅሎው በዛ። ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ጦሩም ተበተነ፣ ከብቱም ተበተነ። ለሹማምንት አንገቱን ሰብሮ ይሰለፍ የነበረው ፈረስ የገበሬ እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ይመላለስ ጀመር። ጋጣው መጀመሪያ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ቀጥሎ የማዳበሪያ፣ ከዚያ በኋላ የማንም። በጎች ከዝናብ ተጠለሉበት። የጣሪያው ቆርቆሮም በነፋስ አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ። የጎረቤቶቼን ስም ስለማላነሣ ነፋስ ነው ብያለሁ።

በዚያ ጋጣ እኔና እንድሪስ በአንድ ክረምት ነው የተቀጠርነው። በአንድ ድርቆሽ ላይ ተኝተናል። ሥጋ ሲሆን ለየብቻ፣ ሽሮ ሲሆን ከአንድ ገበታ በልተናል። እኔ የገብርኤል ዕለት ሳስቀድስ ፈረሶቼን እሱ ያጠጣልኛል፤ እሱ ጁምዓ ሲሄድ የሱን እኔ አጠጣለሁ። ወንድሜ ነው ልላችሁ ይቃጣኛል፤ ነገር ግን በወንድሜ እንዲህ ቀንቼ አላውቅም።

እንድሪስ ፈረስ ላይ ሲወጣ የወጣ አይመስልም፤ ከፈረሱ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ረጅም ነው፣ ወገቡ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ደግሞ እግሬ እርካብ ላይ እንዲደርስ ጠፍሩን ቋጥሬ ቋጥሬ የማሳጥር ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን አሠልጣኛችን ሁላችንንም በሜዳው ላይ አቁሞ፣ "እንድሪስን ተመልከቱ!" አለ። ተመለከትኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ከሱ ላይ አንሥቼ አላውቅም። ቤት ሲሠራ ቆርቆሮው ከኔ ቆርቆሮ ይበልጥ ያበራል። ጥርሱን ሲያመው እንኳ የሱ ሕመም ከኔ የተሻለ ሕመም ይመስለኛል።

እንግዲህ በቅርቡ ሕይወት የምትባል ፈጣን ልጅ ከደሴ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ጋጣውን ተከራይታ አደሰችው። ግድግዳውን አጠበች፣ ጣሪያውን መለሰች፣ ሜዳውን በአጣና አጠረች። "የፈረስ ግልቢያ ማዕከል" የሚል ሰሌዳም ሰቀለች። በአቅራቢያችን ወዳለው ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚያልፉ እንግዶች ይጋልባሉ፣ የከተማው ልጆች ይማራሉ አለች። እኛን የከተማውን ሽማግሌዎች ሰብስባ የጋጣውን ታሪክ ጠየቀችን። እኔ ብዙ ነገርኳት፤ ያልሆነውንም ጭምር። በመጨረሻ፣ በምረቃው ቀን ከቀድሞዎቹ ፈረሰኞች አንዱ በማዕከሉ ነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ከፊት እየመራ ሜዳውን እንደሚዞር ነገረችን። ልቤ ዘለለች። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ወደሷ ጠጋ አልኩ።

"ልጄ፣ የምን ቀለም ልብስ ልልበስ?" አልኳት።

"አባባ፣ ከፊት የሚዞሩት አባ እንድሪስ ናቸው።"

"እንድሪስ? እንድሪስ እኮ ጉልበቱን ያመዋል።"

"ጠይቄያቸው ነበር። 'ኮርቻ ላይ ጉልበት አይራመድም' አሉኝ።"

ይቺን እንኳ አሳምሮ መለሰ! እኔ ብጠየቅ ኖሮ ጉልበቴን ገልጬ ነበር የማሳያት።

"እኔስ?" አልኩ።

"እርስዎ ዳማውን ቢያውሱን ደስ ይለናል። ከኋላ ከሚከተሉት ፈረሶች ጋር ይሰለፋል። በጣም ያምራል።"

"ዳማው በመልክ ወደኔ ነው።"

ልጅቷ ጨዋ ናት። ደጅ የታሰረውን ዳማ አየች፣ እኔን አየች፣ "አዎ፣ አባባ" አለች።

ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ባለቤቴ የሺ አንድ ጊዜ አየችኝና፣ "ዛሬ ደግሞ እንድሪስ ምን አገኘ?" አለች። ወጥቼ ዳማው አጠገብ ተቀመጥኩ።

እንደተቀመጥኩ ግን ዘዴ መጣልኝ። ፈረስ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ አይደል? እንግዲያው ፈረሴ ነጩን የሚያስረሳ ሆኖ ይገባል! ያለኝን ጌጥ ሁሉ ተሸክሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ቀስ እያለ ሜዳውን ይሞላል። ሕዝቡ "ይህ የማን ፈረስ ነው? ጌታውስ የት አለ?" ብሎ አንገቱን ሲያሰግግ እኔ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ከጋጣው ብቅ እላለሁ። ያኔ እንድሪስን ማን ያየዋል?

የምረቃው ዕለት የገበያ ቀን ነበር። የሺ በጠዋት ገንፎ አብልታኝ ገበያ ወጣች። እሷ እንደወጣች አማቼን ጫኔን ጠራሁት። ጫኔ ዝምተኛና ታዛዥ ነው። ቅማል ይሁን ፎረፎር አላውቅም፣ በዋዜማው ጠጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ ነበር። አብረን ዳማውን ጫንነው። ባለ ዘርፉን ግላስ አለበስነው። የሰልፍ ካፖርቴን፣ ብል ያልበላው ጎኑ እንዲታይ አድርገን፣ ኮርቻው ላይ ዘረጋነው። ባርኔጣዬን ከላዩ፣ ያባቴን ጋሻ ከጎኑ አሰርን። በጎረምሳነቴ የተነሣሁትንና ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፍ ከነመስታወቱ አውርጄ በፈረሱ ደረት ላይ አንጠለጠልኩት። ፎቶው ላይ ፈረሱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እኔ ትንሽ ደብዘዝ ብያለሁ።

"አባባ፣ አንቱ አይቀመጡበትም?" አለ ጫኔ።

"እኔ መጨረሻ ላይ ነኝ። በአቋራጭ ቀድሜ ጋጣው ውስጥ እገባለሁ። አንተ ቀስ ብለህ እየሳብክ በገበያው በኩል አምጣው።"

"አንቱ ቢስቡት አይሻልም?"

"ሞኝ! የገዛ ፈረሱን የሚስብ ሰው ባልደራስ ይባላል እንጂ ጌታ አይባልም። ራስህን ዝቅ አድርግ፤ ሰው ፈረሱን ይይ፣ ያንተን ፊት አይይ።"

"የማን ነው ቢሉኝስ?"

"'የጋሽ ደምሴ ነው' በል። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር!"

ምስኪኑ ጫኔ። ያልኩትን ሁሉ አደረገ።

እኔ በአቋራጭ ደርሼ ጋጣው ውስጥ፣ ጥግ ያለው ክፍል ገባሁና በሩን መለስኩ። በሳንቃው ስንጥቅ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል። ድንኳን ተጥሏል፣ እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። በሜዳው መግቢያ እንድሪስ ነጩ ፈረስ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ጥምጥሙና ጋቢው ነጭ፣ ጢሙ በሒና የቀላ፣ ወገቡ እንደ ጥንቱ ቀጥ ያለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምር ነበር። ልሞት ምንም አልቀረኝም። ያልኩትን ልብ በሉ፤ አፌ ያን ቀን ክፉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከገበያው መንገድ የሴቶች ድምፅ ተሰማ። እልልታ መሰለኝ። "እልል እያሉለት ነው!" ብዬ ጋቢዬን አስተካከልኩ። ድምፁ ቀረበ። እልልታ አልነበረም። ዋይታ ነበር።

አሁን ሞኝነቴን የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል። የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፣ ጋሻው ከጎን ይታሰራል፣ ከዚያም ሰው ሳይቀመጥበት እየተሳበ የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ! ስንት ለቅሶ ላይ ራሴ ስቤአለሁ! በዚያን ዕለት ግን ከእንድሪስ ነጭ ፈረስ በቀር በአእምሮዬ የሚዞር ነገር አልነበረም። ገበያተኛው ያየው የተሸለመ ባዶ ፈረስ ነው፣ ካፖርት ነው፣ ጋሻ ነው፣ ፎቶግራፍ ነው፤ ጠጉሩን የተላጨ አማች ነው፣ ራሱን ደፍቶ የሚሄድ። "የማን ነው?" ሲሉት፣ "የጋሽ ደምሴ ነው" ይላል፤ ሌላ አንዲት ቃል አይጨምርም። ገበያው ተፈታ። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊም ሽንኩርት ሲመርጥ ነበር አሉ፤ ጥሩምባውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ።

በስንጥቁ ሳይ ሜዳው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። "ወይኔ ደምሴ! ወይኔ ጋሼ!" ይላሉ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። እጄን በሩ ላይ ጣልኩ፤ ልወጣ ነበር፣ እመኑኝ። በዚህ መሐል፣ አገር ያወቃት አልቃሽ ወይዘሮ ስንዱ የገዛችውን ከጀርባዋ አውርዳ መሐል ገባችና ድምጿን አነሣች፦

"አንተ የኛ ዝግባ፣ አንተ የኛ ዋርካ፣
ዳማህ ባዶ መጣ፣ አንተ ቀረህ ለካ።"

ዝግባ! ዋርካ! የሺ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ የጎረቤት ሰው የምትጠራበትን እኔን! እጄ ከበሩ ላይ በራሱ ወረደ። አንዲት ብቻ ልስማና እወጣለሁ አልኩ።

"ልጓሙ ይናገር፣ እርካቡ ይመስክር፣
እንደ ደምሴ አርጎ ማን ነበር የሚሰግር።"

እርካቡ ቢመሰክርማ ጉዴ ፈልቶ ነበር፤ ያንን ሁሉ ቋጠሮ የሚያውቀው እሱ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ደረቱን እየደቃ "እውነት ነው!" ሲል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ነገር በቁሜ ተብሎልኝ አያውቅም። ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ አገኘሁና ተቀመጥኩበት።

በዚህ ጊዜ እንድሪስ ፈረሱን ወደ ሕዝቡ አስጠጋ። "ምንድን ነው? ማን ነው?" ይላል።

"ደምሴ ነው፣ አባ እንድሪስ!" አለው አንዱ።

"የቱ ደምሴ?"

"ያንተው ነዋ!"

እንድሪስ ከፈረሱ ወረደ። ወረደ አይባልም፤ እንደ ጆንያ ዝርፍጥ አለ። አንድ እግሩ እርካብ ላይ ቀርቶ ሰዎች ያዙት። ዕድሜዬን ሙሉ ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ እንደ ላባ ነበር የሚወርደው። ተበላሽቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ! ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ዕፍረቱ ሲያልፍ ደስታው ትንሽ ተርፎ አገኘሁት።

እንድሪስ ጥምጥሙን ከራሱ አወረደ። የዳማውን አንገት አቀፈ። ሙሾ አላወጣም፤ እንደ ወሬ ነበር የጀመረው።

"ይህን ሰው እንዴት እንደማውቀው ልንገራችሁ" አለ። "ወደ በሽሎ ስንወርድ፣ ክረምት ነበር፣ የኔ በቅሎ ከነጭነቷ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንሸራተተች። የመሳቢያውን ጠፍር እጄ ላይ ቋጥሬው ነበር። እሷ ስትሄድ እኔም መሄዴ ነው። ሰው ሁሉ 'ልቀቃት! ልቀቃት!' ይላል። ቋጥሬዋለሁ፣ በምን ልልቀቃት? ይህ አጭር ሰውዬ በሰው እግር ሥር ሾልኮ መጣ። ቢላ የለው፣ ጩቤ የለው። በጥርሱ! ወላሂ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው! ሁለት ጥርሱ እዚያው ቀረ። ለሰው ሲያወራ ግን 'በቅሎ ረገጠኝ' ይላል። ሰምታችኋል አይደል? ሁላችሁም ሰምታችኋል።"

ሰምተዋል። ለሁሉም የነገርኩት እኔ ነኝ። በጥርስ ቋጠሮ መፍታት የአይጥ ሥራ ይመስላል፤ የበቅሎ እርግጫ ወንድ ያሰኛል ብዬ ነው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ ደግሞ፤ እንድሪስ ገደል ቢገባ በማን ልቀና ነበር?

"ቀንቼበታለሁ!" አለ እንድሪስ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከባልዲው ላይ ተነሣሁ። "ዕድሜዬን ሙሉ ቀንቼበታለሁ። እኔን ፈረስ ይታዘዘኛል። እሱን ይወደዋል። ጋጣ ሲገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁሉም አንገቱን ወደሱ ያዞራል። አሠልጣኙ 'እንድሪስን ተመልከቱ' ሲል እኔ ደምሴ አይቶኝ እንደሆነ ነበር የምመለከተው። ያ ረቢ! ይህን አንድም ቀን ሳልነግረው!"

መውጣት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው፤ አይደለም? ማንኛችሁም ብትሆኑ ትወጡ ነበር። እኔ ተመልሼ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩና "ይጨምር!" አልኩ በሆዴ። ሽማግሌ ወንድሜ ጥምጥሙ መሬት ወድቆ፣ ጢሙ በእንባ ርሶ ሳየው ስለ ፈረሶቹ ትንሽ እንዲያብራራ ነበር የፈለግሁት። ከዚያ ሕዝቡን ሰማሁት። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው!" ይላሉ። "ወይ እንድሪስ፣ ወይ ሰው!" ይላሉ። ሴቶቹ የሱን እንባ እያዩ ነው የሚያለቅሱት። ፎቶዬን የሚያይ አንድ ሰው የለም። የገዛ ለቅሶዬን ቀማኝ! ሞቼም ከፊት እሱ ነው!

ሕይወት ፈራ ተባ እያለች ወደሱ ቀረበች። "አባ እንድሪስ፣ እግዜር ያጥናዎት። እንግዶቹ እየጠበቁ ነው፤ ምን እናድርግ?"

"አልጋልብም፣ ልጄ።"

"ለሳቸው መታሰቢያ እንኳ?"

"ከዚያ ጋጣ የቀረነው ሁለት ነበርን። ጥሩ መቀመጤንም መጥፎ መቀመጤንም የሚያውቅልኝ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ለማን ልጋልብ?"

ይህችኛዋ ቃል አንድ ቦታ ነካችኝ። ከባልዲው ተነሣሁ፤ በዚህ ጊዜ በእውነት ልወጣ ነበር። ነገር ግን በየት በኩል፣ ምን ብዬ? "ይቅርታ፣ አልሞትኩም" ይባላል? ይህን ሳሰላስል የሺ ደረሰች።

በገበያው መሐል ሴቶች ተንጋግተው እያቀፉ ሲያለቅሱባት ነው የመጣችው። ሜዳው ላይ ስትደርስ ድምጿ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

"የቱ ደምሴ? ጠዋት ገንፎ በልቶ፣ ቅቤ ጨምሪ ብሎ፣ አፉን ጠርጎ የወጣው ደምሴ?"

ዳማውን አየችው። ካፖርቱን አየችው። ፎቶግራፉን አየችው። ጫኔን አየችው።

"ጫኔ፣ አባትህ የት ነው?"

ጫኔ "የጋሽ ደምሴ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ግን ጣቱን ወደ ጋጣው ቀሰረ።

የሺ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች። ከበሩ ፊት ቆማ፣ አገር እየሰማ፣ "ደምሴ! ሞተህም ከሆነ ውጣ፣ ካልሞትክም ውጣ!" አለች።

ወጣሁ። ያንን ነጭ ጋቢ ለብሼ።

ያሰብኩት አወጣጥ ይህ አልነበረም። አንዷ ጮኸች፣ አንዷ አማተበች፣ አንዱ ሽማግሌ "በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል" አለና ሳቅ ጀመረ። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። ወይዘሮ ስንዱ ወገቧን ይዛ፣ "ዝግባዬን መልስልኝ! አንተ ጉቶ!" አለችኝ። ሕይወት የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየሁም። የሺ ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካከለች።

እንድሪስ አልሳቀም። ቀስ ብሎ መጥቶ ፊቴን በመዳፉ ነካ።

"አለህ?" አለ።

"አለሁ።"

"እዚያ ውስጥ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"ትሰማ ነበር?"

"... እሰማ ነበር።"

"ከየት ጀምሮ?"

መዋሸት ችዬ አላውቅም፤ ከጥርሶቼ ጉዳይ በቀር። "ከዝግባው ጀምሮ" አልኩ።

መዳፉን ከፊቴ ላይ አነሣ። ለሕይወት፣ "ነጩ ላይ አውጡት" አላት። "እሱን አውጡት። የፈለገው ይህን ነው።" ከዚያ አጥሩ ሥር ሄዶ ቁጭ አለ፣ ጋቢውንም ከራሱ በላይ ተከናነበ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እንግዶቹ ይጠብቃሉ፣ ልጅቷ በዓይኗ ትለምነኛለች፣ ነጩም ፈረስ አንገቱን ወደኔ አዙሯል። ወጣሁ። ጫኔ እርካቡን አሳጠረልኝ።

እንዴት እንደጋለብኩ ልንገራችሁ? ይህን ስነግራችሁ አልቀልድም፤ እንደዚያ ቀን ጋልቤ አላውቅም። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ የጥንቱ የሰልፍ መስመራችን ላይ ስደርስ ወገቤ በራሱ ተቃና። ፈረሱ አፉ ለስላሳ ነው፣ ያሰብኩትን ሳልጨርሰው ይገባዋል። ሕዝቡ አሁን በእውነት እልል አለ። እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። በዚያው ቅጽበት ከከተማው በኩል የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ መሞቴን ለአገር ይነፋ ጀመር። ፈረሱ ጥሩምባውን ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ አንገቱን ሰበረ። ምን ያለ ሰልፍ ነበር! በአጥሩ ሥር ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ አንዲት የተከናነበች ጋቢ ነው። "አሁን ያየኛል" እላለሁ። አልፋለሁ። "በዚህኛው ዙር ያየኛል" እላለሁ። ጋቢዋ አልተገለጠችም።

ስወርድ ሕዝቡን እየገፋሁ ቀጥታ ወደሱ ሄድኩ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"እንዴት ነበርኩ?" አልኩት።

ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገለጠ። ዓይኑ ቀልቷል።

"አላየሁህም" አለ። "ለቅሶ ላይ ነበርኩ።"

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ "አሰላሙ አለይኩም" እለዋለሁ፣ "ወአለይኩም ሰላም" ይለኛል፤ ሰላምታ ስለማይከለከል ብቻ። ፈረሴ እንዴት ነው አይልም፣ ጉልበትህ እንዴት ነው አልልም። በመጨረሻ የሺ፣ "በሬሳ ቤት መኖር ሰልችቶኛል፤ ሄደህ ጨርሰው" አለችኝ። አንድ ጁምዓ ከሶላት ሲመለስ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

"እንድሪስ፣ አፉ በለኝ" አልኩት፤ በነሱ ወግ፣ በነሱ ቃል፣ ከልብ ይቅር በለኝ ማለቴ ነው።

ጫማውን ደጁ ላይ አወለቀ። "አፉ ብዬሃለሁ" አለ። "ለአላህ ብዬ አፉ ብዬሃለሁ። አንድ ነገር ግን ዕወቅ። ስትሞት አላለቅስልህም። አልቅሼልሃለሁ፤ ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው ካንተ በኋላ ልሙት?"

"እንደ ፍጥርጥርህ። አብሽር፣ ግባ፤ ቅንጬ አለ።"

ገባሁ። ቅንጬው ከኛ ቤት ቅንጬ ይበልጥ ነበር። ለየሺ አልነገርኳትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መካሪ ሽማግሌ መስዬ ቅናትን ተዉ ልላችሁ አልችልም፤ እኔ መቼ ተውኩ? ዛሬም በማዕከሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ የእንድሪስ ነው፣ ዛሬም ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። የኔን ፎቶ በግርግሩ አንዷ አልቃሽ ወስዳው ቀርታለች። የት ቤት ተሰቅዬ ሻማ እንደሚበራልኝ እንጃ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ በሱ የምቀናው ሕዝቡ እሱን ስለሚያይ ይመስለኝ ነበር። ሕዝቡ አየኝ፤ አገር ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ እኔ ግን እንደ ውሻ አንዲት ጋቢ ሥር ሥሯን ስዞር ዋልኩ። በሰው የምትቀኑ ከሆነ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት። ምናልባት ሥራችሁን የሚያውቅላችሁ እሱ ብቻ ይሆናል። ባልዲ ላይ ተቀምጣችሁ እንዳታስለቅሱት።

አሁን ማዕከሉ ጸጥ ሲል ሕይወት ነጩን ታውሰናለች። አንዳችን ይጋልባል፣ አንዳችን አጥሩን ተደግፎ ያያል። ባለፈው ተራው የሱ ነበር። ዞሮ ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከፊቴ ቆመ።

"እንዴት ነበርኩ?" አለ።

"ግራ ትከሻህን ጥለሃል" አልኩት።

"የቱ ጋ?"

"ከማጠጫው ቧንቧ ጀምሮ እስከ ማዞሪያው።"

ትንሽ አሰበ። ፊቱ ቀስ በቀስ እንደ ጎረምሳ በራ። ፈረሱን አዞረና፣ ትከሻውን አቅንቶ፣ ከቧንቧው ጀመረ።